ግራፊክስ ካርድ ከተጻፈለት ፍጥነት በታች ሲሠራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ካርዴ ፍጥነቱ ወርዷል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እርዳታ የሚጠይቀው ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያዘውን ሶፍትዌር) ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ከጫነ፣ ብሎኖቹን ከፈታና ቴርማል ፔስት (በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ከቀየረ በኋላ ነው። ካርዱ ግን ፍጥነቱን የሚቀንሰው በዘፈቀደ አይደለም፤ የያዘውን ምክንያት ራሱ ይመዘግባል፣ ለሚጠይቀውም ይናገራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አንድ ቅደም ተከተል ይከተላሉ፦ በመጀመሪያ ፍጥነቱ በእርግጥ መውረዱን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ የትኛው ገደብ እንደያዘው ከካርዱ ማወቅ፤ ካቻቪቴ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ለምሳሌነት በብዙዎች እጅ የሚገኘውን የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 ካርድ እየጠቀስን እንሄዳለን፤ ሌላ ካርድ ያለው አንባቢ ቁጥሮቹን በራሱ ካርድ ቁጥሮች ይተካቸው።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት በትክክል ምን ማለት ነው?

የተጻፈው ፍጥነት አንድ ሳይሆን ሁለት ቁጥር ነው። ለአርቲኤክስ 3060 ኤንቪዲያ ያወጣው የመነሻ ፍጥነት 1320 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ የቡስት ፍጥነቱ ደግሞ 1777 ሜጋኸርዝ ነው። የመነሻ ፍጥነቱ ካርዱ በተመደበለት የኃይልና የሙቀት ገደብ ውስጥ ከባድ ሥራ ሲሠራም ሊይዘው የሚገባው ዝቅተኛ ፍጥነት ነው፤ የቡስት ፍጥነቱ ግን ካርዱ በቂ አየርና በቂ ኃይል ሲያገኝ በተለመደ የጌም ሥራ ላይ በአማካይ የሚደርስበት ነው። ይህ አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ጂቲኤክስ 680 ከወጣ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የኤንቪዲያ ካርዶች በሥራ ላይ ሳሉ አንድ የተወሰነ ፍጥነት ይዘው ይቆዩ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን የተለመደው «ቁጥሩ ከወረደ ተበላሽቷል» የሚለው አስተሳሰብ እስከ ዛሬ ዘልቆ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ሌላው አምራች ኤኤምዲ በበኩሉ ሁለቱን ቁጥሮች በሌላ መልክ ያቀርባቸዋል። ለምሳሌ አርኤክስ 6600 የጌም ፍጥነቱ 2044 ሜጋኸርዝ፣ የቡስት ፍጥነቱ ደግሞ 2491 ሜጋኸርዝ ነው። እዚህ ላይ ቡስት የተባለው «እስከዚህ ድረስ ሊደርስ ይችላል» የሚል ጣሪያ እንጂ አማካይ አይደለም፤ በጌም ላይ ሊጠበቅ የሚገባውን የሚናገረው የጌም ፍጥነቱ ነው። ስለዚህ ካርዱ 2300 ላይ እየሠራ ሳለ «200 ሜጋኸርዝ ጎደለኝ» የሚል ሰው ያነጻጸረው ከተሳሳተ ቁጥር ጋር ነው።

የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ካርዱ በእውነተኛ ከባድ ሥራ ላይ ሆኖ ከመነሻ ፍጥነቱ በታች ከወረደ ችግር አለ። በመነሻና በቡስት መካከል ከሆነ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ ነገር ግን ሙቀት ወይም ኃይል እየያዘው ስለሆነ ሊሻሻል ይችላል። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ አርቲኤክስ 3060 ብዙውን ጊዜ ከተጻፈለት 1777 አልፎ 1850 እና ከዚያ በላይ ስለሚደርስ፣ 1700 ላይ የቆመ ካርድ ያለው ሰው ቅር ቢለው አያስደንቅም።

ምንም ሳልሠራበት 210 ሜጋኸርዝ ብቻ ያሳያል። ተበላሽቷል ማለት ነው?

አይደለም። ካርዱ ሥራ ሲፈታ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ወደዚያ ያወርደዋል፤ ሥራ ሲመጣም ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመልሰዋል። ፍጥነት የሚለካው ጌሙ ወይም የቪዲዮ ማቀናበሪያው እየሠራ ሳለ ነው፤ ጌሙን አሳንሰው ወደ መለኪያው መስኮት ሲመለሱ የሚያዩት ቁጥርም ብዙ ጊዜ የሥራ ፈት ቁጥር ነው።

ሜሞሪው 15000 ተብሎ ሳለ 1875 ብቻ ያሳየኛል። ስምንት እጥፍ ቀንሷል?

ይህ ጥያቄ ምን ያህል ሰው እንደሚያስደነግጥ ለሚያውቅ፣ ፕሮግራም ሠሪዎቹ በአንድ አቆጣጠር ቢስማሙ ምን ነበረበት ያሰኛል። በአርቲኤክስ 3060 ላይ ያለው ጂዲዲአር6 ሜሞሪ በእያንዳንዱ መስመር በሰከንድ 15 ጊጋቢት ያስተላልፋል፤ ሻጮች «15000» የሚሉት ይህንን ነው። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ፕሮግራም የሚያሳየው የሜሞሪውን መሠረታዊ ምት ስለሆነ 1875 ይላል፤ የካርድ ፍጥነትና ማራገቢያ ማስተካከያ ፕሮግራም የሆነው ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ደግሞ ያንኑ በአራት አባዝቶ 7500 አካባቢ ይጽፋል። 1875 በስምንት ሲባዛ 15000 ይሆናል፤ 7500 በሁለት ሲባዛም ያው ነው። ሦስቱም ቁጥሮች የአንድ ፍጥነት ስሞች ስለሆኑ የጎደለ ነገር የለም።

ሜሞሪው በእርግጥ ወርዷል የሚባለው በሥራ ላይ ሳለ ቁጥሩ ያ ፕሮግራም ከእነዚህ ከሦስቱ ማሳየት ከሚገባው በታች ሲሆን ነው። እንደ ሥዕል ማስላትና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ማሠራት ባሉ የስሌት ሥራዎች ላይ ግን ብዙ የጂፎርስ ካርዶች ሜሞሪያቸውን ሆን ብለው በትንሹ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ይህ ድራይቨሩ የሚያደርገው ጥንቃቄ እንጂ ብልሽት አይደለም።

ካርዱን የያዘው ምን እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ ቢባል፣ የሚደረገው ይህ ነው። ጂፒዩ-ዚን ይክፈቱ፤ የመለኪያዎች ገጹ ላይ ፐርፍካፕ ሪዝን የሚባል መስመር አለ፤ በዚያ መስመር ላይ ካርዱ በዚያች ቅጽበት ከዚህ በላይ እንዳይፈጥን ያደረገውን ምክንያት በአጭር ምልክት ይጽፋል። ከዚያም መለኪያዎቹ ወደ ፋይል እንዲጻፉ የሚያደርገውን ምርጫ አብርተው፣ ዘወትር የሚጫወቱትን ጌም ሃያ ደቂቃ ያህል ይጫወቱ። ሃያ ደቂቃ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ካርዱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ገና ስላልሞቀ የሚያሳየው ፍጥነት ከእውነተኛው የተሻለ ይሆናል።

ከጌሙ በኋላ ፋይሉን ሲከፍቱ ከአራት ዓይነት ምክንያቶች አንዱ ጎልቶ ይታያል። ምክንያቱ ኃይል ከሆነ ካርዱ የተፈቀደለትን ዋት ጨርሷል ማለት ነው። ሙቀት ከሆነ ወደ ማቀዝቀዣው መሄድ ነው። ቮልቴጅ የሚል ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው ይደነግጣል እንጂ የምሥራች ነው፤ ካርዱ ኃይልም ሙቀትም ሳይገታው የተፈቀደለት የቮልቴጅ ጣሪያ ላይ ደርሷል ማለት ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚጠበቅበት ነገር የለም። አራተኛው የሥራ ማነስ ነው፤ ካርዱ መፍጠን ይችላል፣ ነገር ግን የሚሠራው በቂ ሥራ አልተሰጠውም። እነዚህ አራቱ መፍትሔያቸው እርስ በርሱ ስለማይገናኝ፣ ምክንያቱን ሳያውቁ አንዱን መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

በኤኤምዲ ካርዶች ላይ ይህ መስመር ስለማይገኝ፣ ምክንያቱን ከራሱ ከኤኤምዲ የአድሬናሊን ሶፍትዌር ወይም ኤችደብሊውኢንፎ ከተባለው የመለኪያ ፕሮግራም ላይ በማነጻጸር ያወጡታል፦ የሚበላው ዋት ከተመደበለት ጣሪያ ላይ ከቆመ ኃይል ነው፤ ከፍተኛው የቺፕ ሙቀት ወደ 110 ዲግሪ ከተጠጋ ሙቀት ነው፤ ሁለቱም ዝቅ ብለው የሥራ መጠኑ መቶኛም ዝቅ ካለ ሥራ ማነስ ነው። በሊኑክስ ለሚሠሩ ደግሞ ከኤንቪዲያ ድራይቨር ጋር አብሮ የሚጫነው ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ የተባለው ትእዛዝ እነዚሁን ምክንያቶች አንድ በአንድ «ነቅቷል» ወይም «አልነቃም» እያለ ይዘረዝራል።

በፉርማርክ ስፈትነው ፍጥነቱ በጣም ወረደ። ለምን?

ፉርማርክ ካርዱን ከማንኛውም ጌም በላይ ኃይል እንዲበላ የሚያደርግ ፈተና ነው። በዚህ ፈተና ላይ ካርዱ የኃይል ጣሪያውን ወዲያው ስለሚነካ ፍጥነቱን ብዙ ዝቅ ያደርጋል፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። ማቀዝቀዣውን ለመፈተን ይጠቅማል፤ ፍጥነትን ለመለካት ግን አይጠቀሙበት።

ምክንያቱ ሙቀት ነው አለኝ። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። አርቲኤክስ 3060 በፋብሪካ የተሰጠው የሙቀት ዒላማ 83 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን እየቀነሰ ሙቀቱን በዚያ ልክ ለመያዝ ይሞክራል። ከፍተኛ ተብሎ የተቀመጠለት ገደብ ደግሞ 93 ዲግሪ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን ካርዱ 83 እስኪደርስ ሳይጠብቅ፣ ሙቀቱ እየጨመረ በሄደ ቁጥር በ15 ሜጋኸርዝ እርምጃ ደረጃ በደረጃ መውረዱ ነው። በ55 ዲግሪ 1920 የነበረ ካርድ በ75 ዲግሪ 1875 ላይ ቢገኝ ይህ የተለመደ ጠባዩ ነው፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣውን ማሻሻል ገደቡን ላልነካ ካርድም ጥቂት ፍጥነት ይመልሳል።

ብሎን ከመፍታትዎ በፊት የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ይክፈቱና ያንኑ ጌም ያንኑ ያህል ጊዜ ይጫወቱ። ሙቀቱ አምስት ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ጥፋቱ የካርዱ ሳይሆን የሳጥኑ ነው፤ የገባው አየር መውጫ አጥቶ ካርዱ የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ እየሳበ ነው። ከኋላ አንድ አየር የሚያስወጣ፣ ከፊት አንድ ወይም ሁለት አየር የሚያስገባ ማራገቢያ መኖሩን፣ ኮምፒውተሩም ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ ወይም በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶ አለመቀመጡን ያረጋግጡ። ክዳኑ ሲከፈት ለውጥ ከሌለ ግን ወደ ካርዱ ራሱ መሄድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው አቧራ ነው። በበጋ ወራት ኮረኮንች መንገድ አጠገብ ያለ ቤት ውስጥ የሚሠራ ኮምፒውተር በጥቂት ወራት ውስጥ የማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል እንደ ጨርቅ የተጋገረ አቧራ ይይዛል። አቧራውን በብሩሽና በአየር መንፊያ ሲያጸዱ የማራገቢያውን ክንፍ በጣትዎ ይያዙት፤ በኃይለኛ አየር ሲሽከረከር ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ስለሚዞር ዘንጉን ይጎዳል። በቫኪዩም ማጽጃ አለመጠቀም ይሻላል፤ የሚፈጥረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ካርዱን ሊያቃጥለው ይችላል።

እዚህ ላይ ለአዲስ አበባና ለሌሎች ደጋ ከተሞች አንባቢዎች አንድ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2300 እና በ2400 ሜትር መካከል የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የሳሳ አየር በዚያው የማራገቢያ ፍጥነት የሚሸከመው ሙቀት አነስተኛ ነው። በእርግጥ የከተማዋ አየር ቀዝቀዝ ማለቱ ይህንን በከፊል ያካክሳል፤ ቢሆንም ከባሕር ወለል ብዙም ባልራቀ ከተማ ውስጥ የተለካ የሙቀት ውጤት አይተው «የእኔ ለምን በጥቂት ዲግሪ በለጠ» የሚሉ ከሆነ፣ ካርዱን ከመክሰስዎ በፊት ይህንን ያስቡ። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ በአፍተርበርነር የማራገቢያውን የፍጥነት መስመር ከፋብሪካው ከፍ አድርጎ መሥራት፣ ድምፁንም መታገሥ።

ቴርማል ፔስት መቀየር የሚያስፈልገው መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በሁለት ቁጥሮች ልዩነት ላይ ነው። ጂፒዩ-ዚ የቺፑን አማካይ ሙቀትና ሆት ስፖት የሚባለውን በጣም የሞቀ ነጥብ ለየብቻ ያሳያል። በኤንቪዲያ ካርዶች በሁለቱ መካከል ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ልዩነት መኖሩ የተለመደ ነው፤ ልዩነቱ 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ፔስቱ ደርቋል ወይም ማቀዝቀዣው በቺፑ ላይ እኩል አልተቀመጠም። ሲከፍቱት በሜሞሪዎቹ ላይ ያሉት ለስላሳ ቴርማል ፓዶች ከተቀደዱ ውፍረታቸውን ለክተው በዚያው ልክ ይተኳቸው፤ ወፍራም ፓድ ካስገቡ ማቀዝቀዣውን ከቺፑ ያርቀዋል፣ ያኔ ጥገናው ራሱ ከበሽታው ይብሳል። አራቱን ብሎኖች ሲያጠብቁም አንዱን እስከ መጨረሻው ከማጥበቅ ይልቅ በሰያፍ እየተዘዋወሩ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ።

ምክንያቱ ኃይል ነው አለኝ። ፓወር ሰፕላይ ልቀይር?

ከመግዛትዎ በፊት ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን እንለይ። ካርዱ «ኃይል ገታኝ» ሲል የሚናገረው በራሱ ባዮስ (በካርዱ ላይ በተቀመጠው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ስለተጻፈለት ጣሪያ ነው፤ ለአርቲኤክስ 3060 ይህ በመሠረቱ 170 ዋት ነው። ካርዱ 170 ዋት በልቶ በዚያው ቢቆም ፓወር ሰፕላዩ ምንም አላጎደለበትም፤ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ቢገዙለትም አንድ ሜጋኸርዝ አይጨምርም። ደካማ ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ፍጥነት በመቀነስ ሳይሆን ከባድ ሥራ ሲጀመር ኮምፒውተሩ በድንገት በመጥፋቱ ወይም እንደገና በመነሣቱ ነው።

ነገር ግን ካርዱ ገና 90 ወይም 100 ዋት ላይ ሳለ የኃይል ገደብ የሚያሳይ ከሆነ ገመዶቹን ይመልከቱ። የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ለካርዱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ባለ ስድስት ፒን ገመድ ሌላ 75፣ ባለ ስምንት ፒን ገመድ ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። ባለ ስምንቱ ሶኬት ውስጥ ባለ ስድስት ፒን ገመድ የተሰካበት፣ ወይም ገመዱ ጠቅ ሳይል በግማሽ የገባበት ካርድ ብዙ ጊዜ ገጥሞናል። ጭራሽ ካልተሰካ ብዙዎቹ የኤንቪዲያ ካርዶች ሲነሡ ገመዱን እንዲያገናኙ የሚያሳስብ ጽሑፍ ብቻ ያሳያሉ። ሁለት ሶኬት ላለው ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ ሁለት የተለያዩ ገመዶች ይሳቡ እንጂ ከአንድ ገመድ ላይ የተንጠለጠሉትን ሁለት ራሶች አይጠቀሙ።

ከሁሉ የሚከፋው ከሳታ ገመድ (ለሃርድ ዲስክ ኃይል ከሚሰጠው) ወደ ስድስት ፒን የሚቀይረው ርካሽ ማገናኛ ነው። የሳታ ራስ በ12 ቮልት መስመሩ ሊሸከም የተሠራው 54 ዋት ያህል ሲሆን፣ ካርዱ በዚያ በኩል 75 ዋት ሲስብ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ይህ ማገናኛ በኮምፒውተርዎ ውስጥ ካለ የፍጥነቱን ጉዳይ ለጊዜው ትተው እሱን ያውጡት።

የመብራት መዋዠቅ ካርዱን ያዘገየዋል?

በቀጥታ አያዘገየውም። ካርዱ የሚያየው ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ሳይሆን ፓወር ሰፕላዩ አስተካክሎ የሚሰጠውን 12 ቮልት ነው። በጎኑ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ መብራቱ ወደ 180 ቢወርድም ሥራውን ይቀጥላል፤ ከ200 በታች እንደማይቀበል የተጻፈበት ግን በዚያ ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ መጠቀም ለዕቃው ዕድሜ ጥሩ ነው፤ የጠፋ ሜጋኸርዝ ግን አይመልሱም።

ካርዱ ሥራ አነሰኝ ይላል፤ ጌሙ ግን ይንቀረፈፋል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ብዙ ሰው ካርዱን ያለ ጥፋቱ የሚከስሰው እዚህ ላይ ነው። የካርዱ የሥራ መጠን በጌም ላይ ከ95 በመቶ በላይ መሆን ሲገባው 50 ወይም 60 ላይ ከዋለ፣ ካርዱ ፕሮሰሰሩ ሥራ አዘጋጅቶ እስኪሰጠው እየጠበቀ ነው፤ ሲጠብቅም ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል። ያረጀ ፕሮሰሰር፣ በአንድ ቻናል ብቻ የተሰካ አንድ ነጠላ ራም፣ የጋለና ራሱ ፍጥነቱን የቀነሰ ፕሮሰሰር ሁሉም ይህንን ያመጣሉ። ለማረጋገጥ የጌሙን የሥዕል ጥራት ወይም ሬዞሉሽን ከፍ ያድርጉ፤ በሰከንድ የሚታየው የሥዕል ብዛት ሳይቀንስ የካርዱ ሥራና ፍጥነት ከጨመረ፣ የዘገየው ፕሮሰሰሩ ነው።

ሌላው ምክንያት የፍሬም ገደብ ነው። የሥዕሉን ብዛት ከሞኒተሩ ጋር የሚያስማማው ቪሲንክ የተባለው ምርጫ በርቶ ሞኒተሩ 60 ኸርዝ ከሆነ፣ ካርዱ በሰከንድ 60 ሥዕል ካቀረበ በኋላ የሚሠራው ስለሌለው ያርፋል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በአንድ ወቅት የራሱን ካርድ ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም፣ ፔስትም ሁለቴ ሲቀይር ከርሞ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ ከወራት በፊት ራሱ በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ላይ አስቀምጦት የረሳው የ60 ፍሬም ገደብ ሆኖ አግኝቶታል። የፐርፍካፕን መስመር ያን ጊዜ ቢያይ ኖሮ ነገሩ ባንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር።

የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው በማዘርቦርዱ ላይ እንዳይሆንም ያረጋግጡ። ያ ከሆነ ጌሙ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ደካማ ግራፊክስ ሊሠራ ይችላል፤ ውድ ካርድዎ ግን 210 ላይ ተኝቷል።

በጂፒዩ-ዚ ላይ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 1.1 ይላል። ማስገቢያው ተበላሽቷል?

ካርዱ ሥራ ሲፈታ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበትን፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለውን መስመርም ስለሚያዘገይ ያንን ቁጥር ማየት የተለመደ ነው። ከጎኑ ያለውን የጥያቄ ምልክት ተጭነው አጭሩን ፈተና ሲያስጀምሩ ወደ 3.0 ወይም 4.0 መውጣት አለበት። ካልወጣ፣ ወይም 16 መሆን የሚገባው የመስመር ብዛት 4 ወይም 1 ከሆነ፣ ካርዱ ከፕሮሰሰሩ የራቀው ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ተሰክቶ ወይም የወርቅማው መገናኛው ቆሽሾ ሊሆን ይችላል፤ አውጥቶ በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽድቶ መልሶ መሰካት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

የመስመር ማነስ የካርዱን ሜጋኸርዝ ሳይቀንስ ጌሙን ብቻ ያዘገያል። አንዳንድ ካርዶች ደግሞ ከፋብሪካቸው ጀምሮ መስመራቸው ጥቂት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ አራት መስመር ብቻ ስላለው፣ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ሦስተኛው ትውልድ (3.0) ብቻ ባለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ የሚያገኘው የመረጃ መንገድ በግማሽ ይቀንሳል። ለዚያ ጥገና የለውም።

ድራይቨር ፍጥነት ሊገታ ይችላል?

አዎን፣ ነገር ግን ሰዎች የሚገምቱትን ያህል ብዙ ጊዜ አይደለም። ድራይቨሩ በጌም መካከል ወድቆ ከተነሣ ካርዱ በዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ተጣብቆ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ብቻ ይበቃዋል። ከሌላ ኩባንያ ካርድ ከቀየሩ ደግሞ የቀድሞውን ድራይቨር ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በተባለው ማጽጃ ፕሮግራም ጠርገው አዲሱን ይጫኑ። ሁለት የፍጥነት ማስተካከያ ፕሮግራሞች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ካሉም አንዱ የሌላውን ይሽራል፤ አንዱን ብቻ ያስቀሩ፣ እሱንም ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ መልሰው እንደገና ይለኩ።

ላፕቶፔም ያው 3060 ነው ያለው፤ ከጓደኛዬ ላፕቶፕ ግን ይዘገያል። ለምን?

ስሙ አንድ ቢሆንም ካርዱ አንድ አይደለም። ኤንቪዲያ ለላፕቶፑ አርቲኤክስ 3060 ያስቀመጠው የኃይል መጠን ከ60 እስከ 115 ዋት ሲሆን፣ የቡስት ፍጥነቱም እንደ ኃይሉ ከ1283 እስከ 1703 ሜጋኸርዝ ይለያያል። በዚህ ክልል ውስጥ የትኛውን እንደሚሰጥ የሚወስነው የላፕቶፑ አምራች ነው፤ ቀጭን ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛውን ይይዛል። ላፕቶፕ ሲገዙ ከካርዱ ስም ቀጥሎ ዋቱን ይጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ የሞዴሉን ዝርዝር ከአምራቹ ገጽ ላይ ያንብቡ።

ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ የካርዱ ኃይል በእጅጉ ይቀነሳል፤ ይህ ሊለወጥ የማይችል ነው። በቻርጀር ላይ ሳለም ቢሆን ቻርጀሩ አብሮት የመጣው መሆኑን ያረጋግጡ። 180 ወይም 230 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ ዋናው ቻርጀር ተበላሽቶ በ90 ዋት ምትክ ሲሠራ ባትሪው ይሞላል፣ መብራቱም ይበራል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ካርዱ ግን በግማሽ ኃይል ይሠራል። በመጨረሻም የአምራቹ ፕሮግራም ከጸጥተኛ ወደ ከፍተኛ አቅም መቀየሩን ይመልከቱ።

ያገለገለ ካርድ ገዝቼ ነበር። በውስጡ የተቀየረ ነገር ይኖር ይሆን?

ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኤቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መቆፈሩን ሲያቆም ለዚያ ሥራ የዋሉ ካርዶች በብዛት ወደ ገበያ ወጥተዋል። በተለይ አርኤክስ 470 እና 580 ኃይል እንዲቆጥቡ የኮር ፍጥነታቸው ዝቅ ተደርጎ፣ የሜሞሪያቸው አቀማመጥም ተለውጦ ባዮሳቸው እንደገና ተጽፎባቸው ነበር። የእርስዎ 580 በጌም ላይ 1340 መድረስ ሲገባው 1150 አካባቢ ላይ ሙቀትም ኃይልም ሳይዘው በጽኑ ከቆመ፣ ይህንን ይጠርጥሩ። አንዳንድ ካርዶች ሁለት ባዮስ የሚያቀያይር ትንሽ ማብሪያ በጎናቸው ላይ አላቸው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ማብሪያውን ማዛወር የመጀመሪያው ሙከራ ነው። ባዮሱን እንደገና መጻፍ ግን የካርዱን ትክክለኛ ሞዴልና የሜሞሪውን አምራች አውቆ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ፣ የቀድሞውን ቅጂ ሳያስቀምጡ አይጀምሩት።

ስማቸው ራሱ የሚያሳስት ካርዶችም አሉ። አርኤክስ 580 2048ኤስፒ የሚባለው ከመደበኛው 2304 የማስያ ክፍሎች ይልቅ 2048 ብቻ አለው። ጂቲ 1030 የሚባለው ካርድ በዲዲአር4 ሜሞሪ የተሠራው ዓይነት የሜሞሪ ፍሰቱ በሰከንድ 16.8 ጊጋባይት ሲሆን፣ በጂዲዲአር5 የተሠራው ግን 48 ነው፤ ሁለቱም በአንድ ስም ይሸጣሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ አሮጌ ቺፕ በአዲስ ካርድ ስም ተጽፎበት የሚሸጥ ሐሰተኛ ካርድ ነው፤ ጂፒዩ-ዚ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ከስሙ ፊት ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፋል። ፕሮግራሙ ትንሽ ስለሆነ በፍላሽ ይዘው ሄደው ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በሻጩ ፊት ይክፈቱት።

ቮልቴጅ በመቀነስ ፍጥነት መጨመር ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

ለመስማት እንግዳ ቢሆንም እውነት ነው፤ ካርዱን የያዘው ኃይል ወይም ሙቀት ከሆነ። ፋብሪካው ለሁሉም ቺፖች እንዲበቃ ሲል ከሚያስፈልገው በላይ ቮልቴጅ ይመድባል። በአፍተርበርነር የቮልቴጅና የፍጥነት መስመር ላይ ካርዱ ያንኑ ፍጥነት በዝቅተኛ ቮልቴጅ እንዲይዝ ካደረጉት፣ የሚበላው ዋት ስለሚቀንስ ጣሪያውን ሳይነካ ከፍ ባለ ፍጥነት ይቆያል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። ከ25 ሚሊቮልት በማይበልጥ እርምጃ ዝቅ እያደረጉ በእያንዳንዱ እርምጃ ጌም ይፈትኑ፤ ጌሙ ከወደቀ አንድ እርምጃ ይመለሱ። ሲሳሳቱ የሚደርሰው ጌሙ መዝጋቱ ወይም ኮምፒውተሩ መቆሙ ስለሆነ፣ ሙቀት ለያዘው ካርድ ፔስት ከመቀየር በፊት ይህንን መሞከርን እንመርጣለን።

ሁሉንም ሞክሬ ከመነሻ ፍጥነቱ በታች ነው። አሁንስ?

ካርዱን የሚያምኑት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩት። እዚያ በትክክል ከሠራ ችግሩ ያለው በራስዎ ማዘርቦርድ፣ ፓወር ሰፕላይ ወይም ዊንዶውስ ላይ ነው። እዚያም ያው ከሆነ በካርዱ ላይ ያለ የኃይል መለኪያ ወይም የሙቀት ዳሳሽ ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በእጅ የሚሠራ ነገር አልቀረም፤ ወደ ዋስትና ወይም ወደ ሰርኪት ጠጋኝ መሄድ ነው። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ካርድ ከሆነ ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛበት ሱቅ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ደረሰኙ በላኪው ስም መኖሩንና መላኪያው ከካርዱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሚያዋጣ መሆኑን አስቀድመው ያጣሩ። በሁለቱም መንገድ ቢሆን «ዘገምተኛ ነው» ከማለት ይልቅ ያንን የሃያ ደቂቃ የጂፒዩ-ዚ ፋይል ይላኩ፤ የካርዱን ሙሉ ሞዴል፣ የባዮሱን ቁጥር፣ የፓወር ሰፕላዩን ዋትና በሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ የተገኘውን ውጤትም ከፋይሉ ጋር አያይዘው ይጻፉ።